በኋላ ማርሽ ወደ ሙጃ

ልጃችን ኤርሚያስ ሰሞኑን አሮጌዋን መኪናችንን ግቢ ውስጥ በክሪክ አንስቶ ከሥሯ አልወጣ ብሏል። አራቱንም ጎማ የምታንቀሳቅስ፣ ጭቃና ድንጋይ የማትፈራ መኪና ነበረች። አሁን የፊቱ ክፍሏ ተበላሽቶ መለዋወጫው እንኳን ላሊበላ ወልድያም አልተገኘ። ስለዚህ ለፊት ጎማዎች ኃይል የሚያደርሰውን ዘንግ ፈትቶ አውጥቶ በኋላ ጎማ ብቻ ሊያስኬዳት ነው።

"እማዬ፣ ከእንግዲህ ከከተማ አትወጣም፤ ለነዳጁም ይሻላል" አለኝ፣ ግራሶ የነካው እጁን በጨርቅ እየጠረገ።

ባለቤቴ መኮንን በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። "እኔንና እናትህን ያገናኘችን በፊት ጎማ ብቻ የምትሄድ መኪና ናት" አለው። ኤርሚያስ አባቱ እንደ ልማዱ የሚቀልድ መስሎት ወደ ሥራው ተመለሰ። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ።

ያደግሁት ከኩልመስክ አለፍ ብሎ፣ ወደ ሙጃ የሚያወጣው ዳገት ግርጌ ነው። በተዳርኩበት ጥር አባቴ አልጋ ከያዘ ከርሞ ነበር። ደረቱን ነበር የሚያመው፤ ሲያስል ቤተሰቡ ሁሉ የያዘውን ትቶ ያዳምጣል። ሰርጉ የተቸኮለውም እሱ በዓይኑ እንዲያየው ተብሎ ነው። መኮንን የሙጃ አስተማሪ መሆኑንና ሰው አክባሪነቱን ከሽማግሌዎቹ ሰምቻለሁ፤ ከዚያ በቀር አላውቀውም። በእሱ ቅር የሚያሰኘኝ ነገር አልነበረም። የከበደኝ መሄዱ ነው። ተመልሼ ሳልመጣ አባቴ ቢሞትስ? ሰው ሲዘፍን ሲያጨበጭብ እኔ ይህንኑ አብሰለስል ነበር።

ልሰናበተው ጉልበቱን ስሜ ቀና ስል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አገኘሁት። "በይ ሂጂ፣ ሰው አይጠብቅሽ" አለኝ እንደዞረ። አባት ልጁን እስከ በር ወጥቶ ይሸኛል፤ እሱ ግን መነሳት አልቻለም። ፊቱን ሳላየው ወጣሁ። አክስቴ የሻረግ፣ የአባቴ ታናሽ እህት፣ ክንዴን ይዛ መኪናው ውስጥ አስገባችኝና በአንዱ ጎኔ ተቀመጠች፤ በሌላው መኮንን ነበር። "ዞረሽ እንዳታይ፣ ሙሽራ ዞራ ካየች ልቧ ከአዲሱ ቤቷ አይገባም" አለችኝ በጆሮዬ። አላየሁም። አንገቴ እስኪያመኝ ድረስ ፊት ለፊት ብቻ አየሁ።

መኪናዋ አራቱንም ጎማ የምታንቀሳቅስ፣ የአንድ የኩልመስክ ነጋዴ ናት፤ ሹፌሩ ደግሞ አያ ሰይድ የሚባሉ፣ ጢማቸው በሂና የቀላ ትልቅ ሰው። ሚዜዎቹ ከኋላ ታጭቀዋል፤ የቀረው አጃቢ በበቅሎና በእግር በአቋራጩ ቀድሞናል። ጊዜው አውድማው ሁሉ የተወቃበት ስለሆነ አየሩ ጭድ ጭድ ይሸታል፣ መንገዱም ዱቄት ሆኗል። ዳገቱን ጥቂት እንደያዝን ከሥራችን አንድ ነገር በኃይል ተንኳኳና መኪናዋ ቆመች።

አያ ሰይድ ከሥሯ ገብተው ቆይተው ወጡ። የኋላውን ጎማ የሚያዞረው ዘንግ ከመጋጠሚያው ተሰብሯል። "ፈትቼ አወጣዋለሁ፤ በፊቱ ጎማ ብቻ እንሞክራት፣ አላህ ያውቃል" አሉ። እሳቸው ሲፈቱ እኛ ከጽድ ሥር ተቀመጥን። አክስቴ አገልግሉን ከፈተች። ለአያ ሰይድ ከሥጋው ለይታ የያዘችላቸው ዳቦና ማር ነበር፤ እጃቸው በዘይት ተለውሶ ስለነበር መኮንን ራሱ እየቆረሰ አጎረሳቸው። በዚያ ነጭ በነጭ ልብሱ አፈር ላይ ተንበርክኮ። ደህና አድርጌ ያየሁት ያኔ ነው።

ዘንጉ ወጥቶ መኪናዋ ስትነሳ የፊት ጎማዎቿ አቧራውን እየበተኑ ባሉበት ተሽከረከሩ። ዳገት ላይ ክብደቷ ወደ ኋላ ስለሚጫን ፊቷ ይቀላል፣ መሬቱን አይነክስም አሉ አያ ሰይድ። "ወደ ታች ከሆነ ግን ምንም አትል፣ ቤታችሁ ድረስ ትወርዳለች።"

"እንግዲህ እግዜር ተመለሱ ብሎናል" አለች አክስቴ።

ሳላስበው ወደ መኪናዋ ተራመድኩ። መኮንን ወደ እኔ መጥቶ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ዝቅ ብሎ፣ በሕይወቴ የመጀመሪያውን ጥያቄ ጠየቀኝ።

"አንቺ ምን ትያለሽ? አባትሽ ታመዋል። መመለስ ከፈለግሽ እንመለስ። እዚያ ላሉት እኔ እነግራቸዋለሁ፤ መኪናዋ ናት የተበላሸችው፣ አንቺን ማንም ምንም አይልሽም።"

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ምን እንደምፈልግ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። መመለስ እንደምችል ሳውቅ ያ ጨንቆኝ የነበረው መሄድ ቀለለኝ። ለምን እንደሆነ ዛሬም በደንብ ማስረዳት አልችልም፤ ከዚህ ሰው ጋር የትም ብሄድ ወደ አባቴ የሚመልሰኝ አላጣም ብዬ ይሆናል።

"እንውጣ" አልኩት።

አያ ሰይድ ሰምተው ኖሮ ፈገግ አሉ። "አብሽሪ ልጄ፣ መላ አላት። ፊቷን ወደ ታች አዙሬ በኋላ ማርሽ አወጣታለሁ። ያኔ ክብደቱ የሚሠራው ጎማ ላይ ይሆናል።" ሚዜዎቹም ወርደው፣ ብታመልጥ ጎማው ሥር የሚጥሉት ድንጋይ በየእጃቸው ይዘው በግራና በቀኝ ይሄዱ ጀመር። ከረባታቸውን እንዳሰሩ ድንጋይ ታቅፈው ሲያዘግሙ ለሰርግ ሳይሆን ለካብ ሥራ የተጠሩ ይመስሉ ነበር።

እንዲህ ሆነን ቀስ እያልን ወጣን። አያ ሰይድ አንገታቸውን ወደ ኋላ አዙረው ስለሚነዱ መንገዱን ሙሉ ፊት ለፊት ስንተያይ ነበር። ከትከሻቸው በላይ፣ በፊተኛው መስታወት ውስጥ አገሬ ሁሉ ተዘርግቷል፤ ወንዙ፣ አውድማው፣ የእኛ ባሕር ዛፍ።

"እንዳታይ ብዬሽ ነበር" አለች አክስቴ።

"መች ዞርኩ? ፊት ለፊት ነው የማየው" አልኳት። በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ አየኋት። እኔም አለቀስኩ። መኮንን አታልቅሺ አላለኝም። "ቤታችሁ የትኛው ነው?" ብሎ ጠየቀኝ፤ በጣቴ አሳየሁት። የመጨረሻው ጠመዝማዛ ላይ እስክንደርስ ድረስ አብረን አየነው። ሙጃ ላይ አታሞ ይዘው የጠበቁን ሴቶች መኪናዋ በጀርባዋ ስትመጣ በየት በኩል እንደሚቀበሉን ግራ ገብቷቸው ዘፈኑ ተቋረጠ።

አባቴ ሁዳዴ ሳይገባ አረፈ። ለልቅሶ የወሰደኝ መኮንን ነው። ከቀብር መልስ እናቴ ለብቻዬ አስቀምጣ የሰርጌን ቀን ነገር አጫወተችኝ። የመኪናዋ ማጓራት ሲበዛ አባቴ ምንድን ነው ብሎ አላስቀምጥ አለ። ጎረቤቶች ከነአልጋው ተሸክመው ደጅ አወጡት። ዳገቱ ላይ የመኪናዋን ፊት ሲያይ "ልጄ ተመለሰች" አለ። እየራቀች መሆኗን ያወቀው ቆይቶ ነው። "ግባ ብንለውም እምቢ አለ" አለችኝ እናቴ። "ፊቷን ወደ እኔ አድርጋ እየሄደች እንዴት እገባለሁ አለ። ጫፍ ላይ እስክትሰወሩ እጁን አንስቶ ሲመርቅሽ ቆየ።"

ኤርሚያስ ዛሬ ሥራውን ጨርሶ መኪናዋን ከግቢ አወጣት። እኔም እንደ ሁልጊዜው በር ድረስ ወጥቼ ቆምኩ። ልጆች ድሬያለሁ፤ ለትምህርትም ለሥራም ሸኝቻለሁ። ሁልጊዜ ከበር ሆኜ የማየው የመኪናውን ጀርባ ነው። ታጥፎ እስኪጠፋ እቆማለሁ፤ ውስጥ ያለው ልጅ ያልቅስ፣ ይሳቅ፣ አላውቅም። አባቴ ግን ልጁን የሸኛት ፊት ለፊት እያያት ነው።