ያላጥወለወላት ሽቶ

ዲላ ላይ ቢሮ የምጋራት መምህርት ባረገዘች ጊዜ ሽታ ሁሉ ያጥወለውላት ጀመር። የእጄ ሳሙና ሳይቀር ወደ ደጅ ያስሮጣት ስለነበር ሽቶ መቀባት ተውኩ። አንድ ጠዋት ግን ወንድሜ ከአዲስ አበባ የላከልኝን፣ እንጨት እንጨትና እርጥብ ቅጠል የሚሸተውን ሽቶ ረስቼ ተቀብቼ ሄድኩ። ትዝ ያለኝ እሷ በሩን ከፍታ ቀጥ ስትል ነው።

«ይቅርታ እህቴ፣ አሁኑኑ ታጥቤ እመጣለሁ!» ብዬ ደንግጬ ተነሳሁ።

«ቆዪ እስቲ፣ አትሂጂ» አለችኝና ጠጋ ብላ አሸተተችኝ። «ይሄማ አገሬ ወርቃ ያለው የአባቴ ጓሮ ነው! ኅዳር ላይ ዛፎቹ ቅጠላቸውን ሲያራግፉ ቡናው ሥር ልክ እንዲህ ይሸታል።»

እፎይ አልኩ። ከሁለት ወር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁርሷን ቢሮ ውስጥ፣ አጠገቤ ተቀምጣ በላች።