የባሮ ዳሩ መጋዘን

ጋምቤላ የተመደብኩት ባሮ ዳር ያለውን አሮጌ የድንጋይ መጋዘን ለማደስ ነበር። ከሱዳን መርከብ ይመጣ በነበረበት ዘመን ጨው የተራገፈበት፣ ቡና የተጫነበት ቤት ነው። ግድግዳው ከክንድ በላይ ይወፍራል፤ ዙሪያውን ሰፊ በረንዳ አለው። ጣሪያው ግን በዝገት ወንፊት ሆኗል።

እኔ ከደጋ የመጣሁ መሐንዲስ ነኝ። በከተማው ዘመድ የለኝም። ከሥራ ስመለስ በሬን ዘግቼ፣ ጎረቤቶቼ በማላውቀው ቋንቋ ሲጨዋወቱና ሲስቁ እሰማለሁ።

በረንዳው ላይ አንዲት ባልቴት ይኖሩ ነበር። ባላቸው የመጋዘኑ ዘበኛ ነበሩ፤ እሳቸው ሲሞቱ ሴትዮዋ እዚያው ቀሩ። ዓሣ እያደረቁ ይሸጣሉ። ሜትሬን ይዤ ግድግዳ ስለካ ሲያዩኝ፣ «አንቺ ልጅ፣ ዛሬም ብቻሽን?» ይሉኛል። ቀስ በቀስ ምሳዬን ከሳቸው ጋር መብላት ጀመርኩ። አንዳንዴ ወንዙን እያየን እንቀመጣለን።

እድሳቱ ሲጀመር በረንዳው መለቀቅ ነበረበት። ልነግራቸው ሄድኩ። እሳቸው ቀደሙኝ።

«ቤቱ ሊሠራ ነው አይደል?»

«አዎ፣ እማማ። እኔ ጋ ይምጡ። ክፍሌ ለሁለታችንም ይበቃል።»

«አቦቦ ከተማ የሚኖር ወንድም አለኝ። አንቺ ሥራሽን ሥሪ።»

በማግስቱ በረንዳውን በውኃ አጥበው ሄዱ።

ሥራው አማረ። ግድግዳው በኖራ ተመረገ፤ የበሰበሱት ወራጆች ወጥተው ጣሪያው በአዲስ ቆርቆሮ ተከደነ። ከዚያ ሙዚየም ሆኖ እስኪመረቅ ተብሎ ተቆለፈ። ቁልፉ እኔ ጋ ስለነበር እየገባሁ እቀመጣለሁ። ሳስል ድምፄ ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለሳል።

አንድ ቅዳሜ አቦቦ ሄድኩ። ከወንድማቸው ቤት ደጅ፣ ማንጎ ሥር በቆሎ ሲፈለፍሉ አገኘኋቸው። ዐይናቸው ደክሟል፤ የለዩኝ በድምፄ ነው።

«ቤቱ ቆንጆ ሆነ?»

«ሆነ። ሲመረቅ መጥቼ ልውሰድዎት?»

የያዙትን በቆሎ ፈልፍለው ጨረሱ።

«ባሌ የለም፤ ዓሣዬ የለም። እዚያ ምን አያለሁ?»

ከፊታቸው ካለው በቆሎ ግማሹን ወደ እኔ ገፉት። ላግባባቸው አልሞከርኩም። የመጨረሻው ሚኒባስ እስኪመጣ አብረን ስንፈለፍል ዋልን።

ለምረቃው አልመጡም። ከአቦቦ የመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ግን ደህንነታቸውን እጠይቃለሁ።