የሰናይት ቅብ ገና አልደረቀም

ሰናይት ሞተች አሉኝ። የትኛዋ ሰናይት ብዬ ጠየቅሁ። ኦቤትስ በምሠራበት ዌርሃውስ ብሬክ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ማስኬን አገጬ ላይ አውርጄ፣ ከአንዷ በቀር ሌላ ሰናይት ሳላውቅ፣ የትኛዋ አልኩ።

ትናንት እኮ አዲሱን ሥራሽን አሳዪኝ፣ አላሳይም ተባብለን በስልክ ተጨቃጭቀናል። ልቧ ነው ይላሉ። ያ ልብ ከእኔ ልብ ይሻል ነበር፤ ደረጃ ስንወጣ የማለከልከው እኔ ነኝ።

ሁላችሁም «ባለ ወርቅ እጅ» እያላችሁ ፖስት ስታደርጉ እያየሁ ነው። እውነት ነው። ግን ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ፣ ሥሩ እኔ ነኝና።

ቅዳሜና እሁድ ሂሊያርድ ሰፈር ሚስ ኬኮ የሚባሉ ጃፓናዊት አሮጊት እንከባከብ ነበር። በአገራቸው የሻይ ሥርዓት ላይ የሻዩ ዱቄት የሚቀመጥባትን ትንሽ ክብ የእንጨት ዕቃ ይሠራሉ። ከዛፍ የሚወጣ ጥቁር ቅብ ደጋግመው ይቀቧታል፣ በዚያው ቅብ ሥዕል ይሥሉባትና ሳይደርቅ የወርቅ ዱቄት ይነሰንሱበታል። ዓይናቸው ሲደክም ብሩሹን ለእኔ ሰጡኝ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሳምንት ሳይሞላ ፊቴ ድፎ ዳቦ አከለ። ቅቡ ለካ ፖይዝን አይቪ እንደሚሉት የዚህ አገር መርዛም ቅጠል ቆዳ ያቃጥላል። ዌርሃውስ ስሄድ ሱፐርቫይዘሩ ኮቪድ ነው ብሎ መለሰኝ። ሚስ ኬኮ ዘንድ የሚተካኝ ሰው ስፈልግ ሰናይትን ላክኋት። በገዛ እጄ።

እሷን ምንም አላላትም። «የኔ ቆዳ የገጠር ነው» ብላ ሳቀችብኝ። ብሩሹም በዚያው የሷ ሆኖ ቀረ። ሚስ ኬኮ የሳር ሥዕል ሥሪ ሲሏት ጤፍ ሣዪ ያልኳት እኔ ነኝ። ያንን የወርቅ ጤፍ አይታችሁ ነው «እጅሽ ይባረክ» ያላችኋት። እኔ ላይክ አላደረግሁም። እሷም ኮል አድርጋ «ላይክሽ ጠፋ» ትለኝ ነበር።

ቅቡ የሚደርቀው በእርጥበት ነው። በዚህ አገር ክረምት ሂተሩ አየሩን ስለሚያደርቀው ሥራዋን የምታደርቅበትን ሣጥን ባኞ ቤት አስቀምጣ በሻወር እንፋሎት ታጥነዋለች። ኖርዝላንድ ያለው አፓርትመንቷ ሄዶ ሽንት ቤት ያልተከለከለ እንግዳ የለም። ስንጣላ፣ ስለ ልጅ ስናወራ፣ ለሁሉም ነገር መልሷ አንድ ነው፤ «ይድረቅ፣ ከዚያ እንነጋገራለን።» ትናንትም ስልኩን የዘጋችው ይህንኑ ብላ ነው።

ዛሬ ለቅሶ ቤት ደርሼ ፊቴን ልታጠብ ባኞ ቤት ገባሁ። ከሣጥኑ ጎን የክሬም ቱቦ አየሁ። ያኔ ሐኪሞች ለፊቴ ያዘዙልኝ ራሱ ነው፣ ተጨምቆ አልቋል። ልጇን ቤዛን ይሄ የማን ነው አልኳት።

«ማሚም እጇ ላይ ራሽ ወጥቶባት ነበር፣ እትዬ ሙሉ። በሰመር ሎንግ ስሊቭ የምትለብሰው ለዛ ነው። በኋላ ሰውነቷ ለመደውና ለቀቃት።»

ታዲያ ለምን ደበቀችኝ ብዬ ጠየቅኋት።

«ዶንት ቴል ኸር ብላኝ ነው። የሙሉ እጅ ከኔ ይሻላል፣ ራሹ እንደሚለቅ ካወቀች ትመለሳለች አለች።»

ባኞው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሳቄም መጣ። እኔ ስቀናባት እሷ ስትቀናብኝ ኖራለች። በቅናት እንኳን በለጠችኝ፤ የኔን አገር ያውቀዋል፣ የሷን ማንም አላወቀባት።

ሰኒ፣ አንቺ ሌባ። ሣጥኑን ከፈትኩት። ጤፉን ግማሽ ላይ ትተሽዋል፣ ቅቡም ገና ጣት ይይዛል። ብሩሽሽን ቤዛ ሰጥታኛለች። ፊቴ ድፎ ዳቦ ቢያክልም እጨርሰዋለሁ፣ ያውም ካንቺ አሳምሬ። የማን እጅ እንደሚበልጥ አንቺው ትፈርጃለሽ።

በሰላም ሂጂ እህቴ። ይድረቅ፣ ከዚያ እንነጋገራለን።