ባሌ የነካት ወታደር

ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበር። ዛሬ ሁሉ ነገር በኮምፒውተር ሆነና ሥራውን የሚያውቀው ጠፋ። ከፊቱ ብዙ ክፍል ያለው ሳጥን አለ፤ ከዚያ የብረት ፊደሎችን አንድ በአንድ እየለቀመ መስመር ይሠራል። ዓይኑ ጽሑፉ ላይ እንደተተከለ እጁ ብቻውን ሄዶ የሚፈለገውን ፊደል ይዞ ይመጣል። እኔ እዚያው ጥረዛ ክፍል መጽሐፍ እሰፋ ነበር።

ቼዝ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ በምሳ ሰዓት፣ በተገለበጠ ካርቶን ላይ። ደግ አስተማሪ ነበር እንዳትሉኝ! ስሸነፍ ይስቅብኛል። እኔ ደግሞ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚባልልኝ ሰው ነኝ፤ በሦስተኛው ዓመት ጥረዛ ክፍሉን በሙሉ ጠራርጌ አሸነፍኩ። በሰባተኛው ዓመት በሠራተኞች ዋንጫ ለፍጻሜ ገጠምኩት።

ጡረታ ሊወጣ አንድ ወር ቀርቶት ነበር። አራት ጊዜ ለፍጻሜ ደርሶ አራቱንም ጊዜ ሁለተኛ የወጣ ሰው ነው። ስሙ ግድግዳው ላይ ካሉት የአሸናፊዎች ስም ጋር የሚጻፍ ከሆነ ያን ቀን ነው፤ ሌላ ዓመት የለውም። ሴቶቹ ሁሉ ባልሽን እንዳታሳፍሪው ሲሉኝ ነው የዋሉት።

ጨዋታው ላይ አጥብቆ ያዘኝ። ከዚያ ጉድ ፈላ፤ ዓይኑ የእኔ ንጉሥ ላይ እንደተተከለ እጁ እንደለመደው ብቻውን ሄደና ከፈረሱ አጠገብ የቆመችውን ወታደር ጨበጠ። ወዲያው ለቀቃት። ሕጉ የነካ ያንቀሳቅስ ነው። ዳኛው ሰዓቱን ሲያይ ነበር፤ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

“ነክተሃል” አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝና ወታደሯን ገፋት። ስምንት እርምጃ ሳንሄድ አሸነፍኩት። ሲያጨበጭብልኝ የሰማሁት እሱን ብቻ ነው።

ቤት ገብተን፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ፣ ጨዋታውን እንደነበረ ደረደረና አሳየኝ። ፈረሱን ቢያነሳ ኖሮ ንጉሤ መድረሻ አልነበረውም፣ በአንድ እርምጃ አልቆልኝ ነበር። ክው አልኩ። እኔ ጭራሽ አላየሁትም። አለቀስኩ፤ ነገ ጠዋት ዋንጫውን እመልሳለሁ ስለው ተቆጣኝ።

“ዝም ብትይኝ ኖሮ ሁለተኛ ካንቺ ጋር አልጫወትም ነበር” አለኝ።

ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ኩሽና ውስጥ በየቀኑ ተጫወትን። ወይ ያ ጊዜ! ያሸነፈው እስከ መኝታ ሲፎክር ያመሻል፣ የተሸነፈው ያኮርፋል፤ ጠዋት ደግሞ ጠጠሮቹን የሚደረድረው ያኮረፈው ነው።

በመጨረሻው ዓመት ዓይኑ ደከመ፣ እጁም ይንቀጠቀጥ ጀመር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፈረሱን ላንሳ ብሎ ንግሥቷን ነካ። ካንቀሳቀሳት ትበላበታለች። አንጀቴን በላው፤ መስኮቱን የማይ መሰልኩ።

እጁን ሰብስቦ ጠበቀኝ። ዝም አልኩ።

“አላየሽም?” አለኝ።

“ምኑን?” አልኩት።

ተሸነፍኩ እንደሚል ሰው ንጉሡን በጎኑ አስተኛውና ደክሞኛል ብሎ ተነሳ። ከዚያ ቀን ወዲያ ቼዝ አውጪ ብሎኝ አያውቅም፤ እኔም ላውጣ ብዬ ለመጠየቅ አፌ አልደፈረም። ዋንጫውን ስለነፈግኩት ተጸጽቼ አላውቅም። ያን ቀን ዝም ስላልኩት ግን እስከ ዛሬ እቃጠላለሁ።