በሩን የዘጋሁት እኔ አይደለሁም

አንድ በደል በጽሑፍ እንዲቀመጥልኝ እፈልጋለሁ። ቫን ውስጥ ገብታ በሩን በራሷ ላይ ዘጋች ተብሎ በቤተሰቤ ውስጥ ተወርቶብኛል። እኔ በሩን አልዘጋሁም። ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ የነቢያት ጾም ሊገባ ሲል በነበረ ቅዳሜ ነው። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልጠፋው ጨለማ ውስጥ በመቀመጤ ብቻ አይደለም፤ ከወጣሁ በኋላ የደረሰብኝ ይብሳል።

የምኖረው በሰው አገር፣ አውሮራ በምትባል ከተማ፣ ከልጄ ከሰናይትና ከባሏ ከታምራት ጋር ነው። ሰናይት የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ትሠራለች። ታምራት ከኤርፖርት ወደ ዳውንታውን ሆቴሎች መንገደኛ የሚያመላልስ ሹትል ይነዳል። ትንሿን ልጃቸውን ቤቲን በእግሬ ሄጄ ከትምህርት ቤት የማመጣት እኔ ነበርኩ። ትምህርቴ ከመሠረተ ትምህርት ብዙም አላለፈም። የቤቱ ቁልፍ ግን በእጄ ነበር፤ የትምህርት ቤቱንም መንገድ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ።

ጎረቤታችን አርተር የሚባል እንግሊዛዊ ሽማግሌ ነው። እኔ ጋሽ አርተር እለዋለሁ፣ እሱ ማማ ይለኛል። ጋራዡ ውስጥ ፌሬት የሚባሉ ሁለት እንስሳት አሉት። ፌሬት ሙጭልጭላ የመሰለ ረጅምና ቀጭን ፍጥረት ነው። ጥንቸል ጉድጓድ ውስጥ ይገባና ጥንቸሏን ወደ ውጭ ያባርራል። ሴቷ ዴዚ ትባላለች፣ ወንዱ ጆርጅ። አርተር በአገሩ ከልጅነቱ ጀምሮ በእነሱ ያድን ነበር።

ከአውሮራ በስተምሥራቅ፣ ሜዳው ላይ፣ የፈረስ ጋጣ ያለው አንድ ወዳጁ ጥንቸሎች የጋጣውን ሥር ቆፍረው ስለጨረሱበት እንዲመጣለት ለመነው። አርተር ዓይኑን ኦፕራሲዮን ሆኖ መንዳት ተከልክሏል። ታምራት ቫንህን እኔ እነዳልሃለሁ አለው። መረብ የሚጠብቅ ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋል ተባለና እኔን ጠየቁኝ። ጥንቸል አልበላም፣ ማየት ግን አይከለክልም ብዬ እሺ አልኩ።

በጠዋት አርተር ዕቃውን ጋራዡ ወለል ላይ ዘርግቶ ያሳየኝ ጀመር። ታምራት ይተረጉምልኛል። መጀመሪያ መረቦቹ፤ እያንዳንዱ ጉድጓድ አፍ ላይ አንድ አንድ ይነጠፋል፤ ጥንቸሏ ስትወረወርበት ዙሪያውን የዞረው ገመድ ይሳብና አፉ ይዘጋል። መረቡን የሚይዙ የእንጨት ካስማዎች። ፌሬቶቹ የሚጓዙበት፣ መተንፈሻ ቀዳዳ ያለው፣ ድርቆሽ የተነጠፈበት ሳጥን። አካፋ። ለእንስሳቱ ውኃና ትንሽ ሥጋ።

ከሁሉም በላይ አርተር የጠነከረብን ግን የፌሬቶቹ የአንገት ማሰሪያ ላይ ነው። ማሰሪያው ላይ ትንሽ ነገር ተሰክታለች፤ ባትሪ ሲጠመዘዝባት በጆሮ የማይሰማ ምልክት ትልካለች። አርተር ደግሞ በእጁ የሚይዛት ሬዲዮ የምታህል መሣሪያ አለች፤ ወደ ፌሬቷ በቀረበ ቁጥር ጢጥ ጢጥ ትላለች። ፌሬቷ ከመሬት ሥር ብትቀር በዚያ ተፈልጋ፣ ተቆፍሮ ትወጣለች። ያለዚህ ዕቃ ማደን ኃጢአት ነው አለ አርተር። ትርፍ ማሰሪያም በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ አስቀምጧል። ባትሪውን እንዴት እንደምጠመዝዝ አሳየኝና ራሴ ሞከርኩት።

ልንወጣ ስንል አርተር ወደ ወለሉ እየጠቆመ "ማማ፣ ፐርስ" አለኝ። ቦርሳሽን ማለቱ መስሎኝ ቤት ገብቼ የእጅ ቦርሳዬን ይዤ መጣሁ። ለካ መረቦቹን ነው በዚያ ስም የሚጠራቸው። ሁለቱም ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ያ ሳቅ በኋላ ማስረጃ ይሆንብኛል ብዬ አላሰብኩም።

ሜዳው ላይ ነፋሱ ሰው ይጥላል። ቫኑን ጋጣው ግድግዳ አጠገብ አቆምን። መረቦቹን ነጠፍን፣ አርተር ዴዚን ማሰሪያዋን አድርጎ አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ለቀቃት። ማውራት አይፈቀድም፣ መራመድም አይፈቀድም። ከመሬቱ ሥር የሩጫ ኮቴ ሰማሁ። አንዲት ጥንቸል እንደ ድንጋይ ተወርውራ ወጥታ እኔ የምጠብቀው መረብ ውስጥ ገባች። አፉ ተሳበና ተዘጋ። አርተር መጥቶ በቶሎ ጨረሳት። እኔ ፊቴን አዙሬ ነበር።

ከዚያ በኋላ ዴዚ አልወጣችም። አርተር መሣሪያውን ይዞ ጋጣውን ይዞር ጀመር። እኔ ጣቶቼ ደነዘዙ። ታምራት አየኝና "እማማ፣ ከነፋሱ ይግቡ፣ ቫኑ ውስጥ ይቀመጡ" አለኝ። የኋላውን ተንሸራታች በር ከፈተልኝ፤ ገብቼ ከጆርጅ ሳጥን አጠገብ ከረጢት ላይ ተቀመጥኩ። እሱ አካፋውን አንሥቶ ወጣ። በሩ ተንሸራቶ ድም አለ።

ለነፋሱ ብሎ ነው አልኩ። ትንሽ ቆይቼ ልወጣ ስል እጀታው በእጄ ላይ ዝም ብሎ ተንገጫገጨ። አልከፈትም አለ። ከውስጥ እንደማይሠራ አርተር በጠዋት ለታምራት ነግሮት ኖሯል፤ በእንግሊዝኛ ስለሆነ እኔ አልሰማሁም፣ የነገረኝም የለም። የቫኑ ኋላ መስኮት የለውም። ከፊት ወንበሮች ጋር የሚለየው የብረት ግድግዳ ነው። ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ቦርሳዬ ደግሞ ከብረቱ ማዶ የፊት ወንበር ላይ።

ጮህኩ። ብረቱን በቡጢ ደበደብኩ። ነፋሱ ከእኔ ይበልጥ ይደበድበው ነበር። እነሱ ከጋጣው ጀርባ እየቆፈሩ ነው። ከበሩ ሥር ከምትገባ ክር ከምታህል ብርሃን በቀር ምንም አይታየኝም። ጆርጅ ሳጥኑን ይቧጥጣል። አየሩ የፌሬት ሽታ ነው። እጄን ዘርግቼ ጣሪያውን ነካሁት፤ እንዲህ ቅርብ መሆኑን በብርሃን ጊዜ አላስተዋልኩትም ነበር።

ንዴቴ ከፍርሃቴ በለጠ። ሁለት ትልልቅ ወንዶች ለአንዲት ፌሬት መሬት ይምሳሉ። እኔ የት እንዳለሁ ስለሚያውቁ ማንም አይፈልገኝም። እሷ ማሰሪያ አላት፣ እኔ የለኝም።

ይህን ሳስብ ጣሳው ትዝ አለኝ።

በጉልበቴ ተንበርክኬ ወለሉን ዳበስኩ። ካስማ፣ ገመድ፣ የውኃ ጠርሙስ፣ ከዚያ ጣሳው። ከፈትኩት። ባትሪዋ ከእጄ አመለጠችና ድርቆሽ ውስጥ ወደቀች። እመብርሃንን እየጠራሁ ፈለግኋት፣ አገኘኋት። በጠዋት እንዳሳየኝ ጠመዘዝኳት። ማሰሪያውን ጋጣው ባለበት በኩል ከበሩ ሥር ካለችው ስንጥቅ ጋር አጣብቄ ይዤ ቁጭ አልኩ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ክንዴ ሲዝል በሌላው እለውጣለሁ።

በመጨረሻ ከውጭ ጢጥ ጢጥ የሚል ሰማሁ። እየፈጠነ መጣ። አርተር በሩን በኃይል ከፈተና "ዴዚ" አለ። ዓይኑ መጀመሪያ የሄደው ወደ ወለሉ ነው። ፌሬቷ ወጥታ ቫን ውስጥ የገባች መስሎት ነው የመጣው። ከዚያ ነው እኔን ከነማሰሪያው ያየኝ።

ታምራት አካፋውን ይዞ ከኋላው ደረሰ። የመጀመሪያ ቃሉ "እማማ፣ ለምን ዘጉት?" ነበር።

"አንተ ነህ የዘጋኸው" አልኩት።

"እኔ? እኔ አካፋዬን ይዤ ሄድኩ እንጂ በር አልነካሁም። እግዚአብሔርን።"

ፊቱን አየሁት። አይዋሽም። የባሰብኝም ይኸው ነው። እሱ ካልዋሸ የሳትኩት እኔ ነኝ ማለት ነው። ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ለአርተር በእንግሊዝኛ ሲያስረዳው "ማማ" የሚለውን ብቻ እለያለሁ። አርተር ራሱን ነቀነቀና ዞሮ እጄን መታ መታ አደረገኝ፣ ሕፃን እንደሚያባብል። ዴዚማ እኛ ስለ በሩ ስንከራከር በራሷ ጊዜ ወጥታ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። አርተር ሳጥኗ ውስጥ ሲያስገባት ማሰሪያዋን ፈታላት።

ሰናይት ማታ ስትሰማ ዓይኔን ትኩር ብላ አየችኝ። ያ አያየቷ ከሥራዋ የመጣ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሚረሱ ሰዎች ጋር ነው የምትውለው። ታምራት የቦርሳውንም ነገር ጨመረላት፤ ለሳቅ ብሎ ነበር፣ እሷ ግን አልሳቀችም። ዕቃውን አንድ በአንድ ቆጠርኩላት፤ መረቡን፣ ካስማውን፣ ሳጥኑን፣ አካፋውን፣ ማሰሪያውን፣ ባትሪውን በጨለማ እንዴት እንደጠመዘዝኩ። የምትረሳ ሴት ይህን ታደርጋለች ወይ አልኳት።

"እማዬ፣ ይሄ እኮ ስለ በሩ አያስረዳም" አለችኝ።

በዚያው ሳምንት ቁልፉን ለጊዜው ብላ ወሰደችው። ቤቲ ከትምህርት በኋላ እዚያው እንድትቆይ ተደረገ። እኔ ቤት ተቀመጥኩ። ቀጥሎ አንድ ክብ ነገር በገመድ አንጠልጥላ መጣች። አንገቴ ላይ ሲሆን የት እንዳለሁ በስልኳ ያሳያታል። ቤቲ አየችውና "አያቴ እንደ ዴዚ ኮላር አደረገች" አለች፣ ማሰሪያ ማለቷ ነው፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ። ሰናይት ተቆጣቻት። ልጅቷ ምን አጠፋች?

"ዴዚ እንኳን ሳጥኗ ስትገባ ይፈታላታል" አልኩ።

ከቤት የምወጣበት ቁልፍ የለኝም፣ ብወጣም የምደርስበት ይታያል። መስኮት ላይ እውላለሁ። አርተር ከማዶ እጁን ያነሣልኛል። የቫኑ ጨለማ የትም አልሄደም፣ ወደ ቤቴ ተከትሎኝ መጥቷል። እውነቱን ልናገርና፣ አንዳንዴ እጄን እያየሁ አንቺ ነሽ እንዴ የዘጋሽው እላት ጀመር።

ገና ሊደርስ ሲል አንድ እሑድ ታምራት ቤተ ክርስቲያን ሊያደርሰን ነበር። በረዶ ወርዷል። ቤቲ ከጎረቤት ጋር ቀርታለች። እኔ የቤታችን ሚኒቫን ኋላ ገብቼ ተቀመጥኩ። ሰናይት ከውጭ ቆማ የጫማዋን በረዶ ታራግፋለች። ታምራት ፓርኪንግ እንደማናገኝ እያማረረ በአጠገቤ አለፈ፤ እጁ ዝም ብሎ በሩን ገፋ አደረገው። ድም። ዞሮ ገባ፣ ሞተሩን አስነሣ፣ ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ።

ልጄ አንድ ጫማ በእጇ ይዛ በረዶ ላይ ቆማለች።

"ታምራት" አልኩት፣ "ይህን በር ማን ዘጋው?"

አልዞረም። "እርስዎ ነዎት መሰለኝ፣ እማማ።"

ሰናይት መስኮቱን ደበደበች። መኪናው ቆመ። በሩን ከፍታ "ዘግተህብኝ ልትሄድ ነው እንዴ?" አለችው።

"ማን? እኔ?"

ታምራት መሪው ላይ ያለ እጁን አየው፤ እኔ እጄን አየው እንደነበረው። ቀኑን ሙሉ መንገደኛ ቁጭ ሲል በር እንደሚዘጋ፣ ሥራ ላይ እጁ ለምዶት ኖሮ ሳያስበው እንደሚያደርገው ቀስ ብሎ፣ ለራሱም እየነገረ አወጣው። ሰናይት አጠገቤ ተቀመጠች። ቤተ ክርስቲያን ከመድረሳችን በፊት ገመዱን ከአንገቴ አውጥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ቁልፉንም ከራሷ ቁልፎች ላይ ፈትታ መዳፌ ላይ አኖረችው። መዳፌን ያዘችኝ፣ እኔም ያዝኳት።

ቤቲን ዛሬም የማመጣት እኔ ነኝ። በታምራት ቂም የለኝም። ደግ ልጅ ነው፤ እጁ የተማረው ሰው ማክበር ነበር። አሁንም ግን መኪና ስገባ መጀመሪያ እጀታውን ከውስጥ እሞክራለሁ፣ ከዚያ እቀመጣለሁ። ይስቁብኛል፣ ይሳቁ።

ያን እሑድ ግን ነገሩ በዚያ እንዲያልቅ አልፈቀድኩም። ወሬው አርተር ፊት ተወርቷልና አርተር ፊት ይነሣልኝ አልኩ። ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን ታምራትን ይዤ አርተር ጋራዥ ድረስ ሄድኩ። አርተር ዴዚን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ጥፍሯን ይቆርጥ ነበር። ታምራት በእንግሊዝኛ ነገረው። አርተር ባርኔጣውን አወለቀና ለእኔ ራሱን ዝቅ አደረገ።

"አሁን በአማርኛ" አልኩት ታምራትን።

"እማማ፣ እርስዎማ ያውቁታል እኮ።"

"በእኔ ላይ የተወራው በሁለቱም ቋንቋ ነው።"

ዴዚን አየ፣ አርተርን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

"በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ" አለ።