ለቦርዴ የተለየው በቆሎ

ትናንት በእናቴ ቤት የበቆሎ ጆንያ ስፈታ የሻጋታው ሽታ ወደ ልጅነቴ መለሰኝ። ያኔ በኩልፎ ወንዝ ዳር ቤታችን እናቴ አረንጓዴ ሻጋታ የለበሰውን ፍሬ በሰፌድ ትለይ ነበር።

«እማዬ፣ ይጣል?»

«እህል ይጣላል እንዴ! ለቦርዴ ነው። ሻጋታ እሳትን አያልፍም።»

መጠጡ፣ ቦርዴው፣ ፈልቶ ሲደርስ የመጀመሪያውን ቅል በክብር ለአባቴ ሰጠችው፤ እርሱም አረፋውን ከጺሙ እየጠረገ «እጅሽ ይባረክ!» አላት።

ትናንትም ሰፌዷን ይዛ ስትቀርብ፣ የሻጋታ መርዝ በእሳት እንደማይጠፋና ጉበትን እንደሚጎዳ ማንበቤን ነገርኋት። ሰፌዱ ከእጇ ወደቀ። አባቴን የነጠቀን የጉበት በሽታ ነበር።

«ታዲያ ያ ሁሉ ቅል...» አለች።

እኔም ነገሩ የገባኝ ገና ያን ጊዜ ነው፤ ያን ሁሉ ሳነብ አባቴ አንድም ቀን ትዝ አላለኝም ነበር።