ከአጥር ሥር የመጣ አፈር

አባቴ የሽምብራ ገበሬ ነበሩ። ዛሬ መጋዘን የቆመበትን፣ ከአቃቂ በሰቃ ማዶ ያለውን መሬት አርሰው ነው እኔን የባዮሎጂ አስተማሪ ያደረጉኝ። መሬቱ ሲሄድ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ፣ እኔ ጋ ገቡ። ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ ተቀምጠው የሚያልፈውን መኪና ማየት ሆነ ሥራቸው።

አንጀቴን በሉት። የኮንዶሚኒየሙን ኮሚቴ ለምኜ ከብሎካችን ጀርባ ያለችውን ቁራሽ መሬት አስፈቀድኩላቸው። ሊቀመንበሩ የፈቀደው ግን በቀጠሮ ነው፤ እስከ ገና ደህና አዝመራ ካልታየባት መኪና ማቆሚያ ትሆናለች። አባቴ ሳቁ። እኔ ግን እሷን ከተነጠቁ ከበረንዳው ወንበር ዳግመኛ እንደማይነሱ አውቄያለሁ።

ገረጋንቲውን ጠርገን ከሕንፃ መሠረት ጉድጓድ የወጣ ጥቁር አፈር አለበስናት። አባቴ መስከረም ላይ ሽምብራ ዘሩባት። በቀለና ቢጫ ሆኖ ቀረ።

"ይሄ አፈር ሽምብራ አያውቅም" አሉ። "ከድሮው መሬታችን አምጪልኝ።"

ከመጋዘኑ አጥር ሥር አንድ ያልተነካ ጥግ ነበር። ጥበቃውን አስፈቅጄ ግማሽ ጆንያ ዛቅሁ። ከዚያ የተማረ ጭንቅላቴ ጉድ ሠራኝ። ጭቃው ሚኒባሱን እንዳያቆሽሽ ብዬ አፈሩን ቆርቆሮ ላይ አስጥቼ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ አስመታሁት። ዱቄት የመሰለ ነገር ይዤ ስገባ አባቴ ዘገን አድርገው አሸተቱት።

"ገደልሽው እኮ! አፈር በጥላ ነው የሚጓዘው።"

ተሸማቀቅሁ። በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የምስለው ነገር ነው። ከሽምብራ ሥር ጋር ተስማምተው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ሥሩ ይመግባቸዋል፣ እነሱም ከአየር ላይ ናይትሮጅን እየያዙ ይመግቡታል። ዓመት ከዓመት ሽምብራ በተዘራበት መሬት ለሽምብራ የሚስማሙት እየበዙ ይሄዳሉ። ከጥልቅ ጉድጓድ በወጣ አፈር ውስጥ ከየት ይምጡ? ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው ፀሐይ ላይ ያሰጣኋቸው።

በማግስቱ አብረን ሄድን። አባቴ የላይኛውን ደረቅ ገፈፉና እርጥቡን በባልዲ ዛቁ፤ ባልዲውን በረጠበ ጆንያ ሸፈኑት። የሚኒባሱ ረዳት ፖርቶ መጋላ ላይ ልጫነው ቢል "እንግዳ ነው፣ ውስጥ ይቀመጣል" ብለው ጭናቸው ላይ አደረጉት። ቤት ስንደርስ ዘሩን በውሃ ረጠብ አድርገው በአፈሩ ለወሱና እንደገና ዘሩ።

በጄሪካን ውሃ አመላለስን። ኅዳር ሲጋመስ ቅጠሉ ወዝ አወጣ። ገና ሳምንት ሲቀረው ሊቀመንበሩ መጣ። አባቴ አንዱን ነቅለው ሥሩ ላይ ያሉትን ትንንሽ እብጠቶች አሳዩት፤ አንዷን በጥፍራቸው ሰነጠቋት። ውስጧ እንደ ሥጋ ቀይ ነው።

"ደም አለው እንዴ አባባ?" አለ ሰውዬው።

ማስረዳቱን ለእኔ አልተዉልኝም። በራሳቸው አነጋገር ከእኔ ሰሌዳ አስበልጠው አስረዱት። ደረቴ ተነፋ፤ ልጃቸው ነኝ ብዬ ለመንገደኛው ሁሉ መጮህ አማረኝ።

መሬቷ ተረፈች። የመጋዘኑ ጥግ ግን በዚያው ሰሞን ኮንክሪት ለበሰ። እንዴት ብዬ እንደምነግራቸው ስጨነቅ፣ ከማዶው ብሎክ አንዲት ሴት ባዶ ባልዲ ይዛ መጣች። እሷም ሽምብራ ልትዘራ ነው።

"አባባ፣ እንደርስዎ ዘሬን የምለውስበት አፈር ከየት ላግኝ?" አለች።

አባቴ ባልዲዋን ተቀበሏትና ሽምብራው መሃል በርከክ አሉ።

"ከማሳዬ" አሉ።